ውሃው መውጫ ይኑረው

ብርድ ብቻውን ቧንቧ አይሰብርም። ባዶ ቧንቧ የሚኔሶታን ጥርና የካቲት በረዶ ላይ ተጋድሞ ቢያሳልፍ ምንም አይሆንም። የሚሰበረው ውሃ ውስጡ የቀረበትና ያ ውሃ መሄጃ ያጣበት ቧንቧ ነው። ይህን የተማርሁት በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የቤተ ክርስቲያናችንን ካምፐር ለክረምት ስናዘጋጅ፣ ባልዲና ካቻቢቴ ይዤ ነው። ወጣቶች ሆይ፣ ዛሬ ስለዚህ ሥራ ላጫውታችሁ። በዚያው ሰው ሐዘኑን የት እንደሚያደርገው እንነጋገራለን።

ሚኔሶታ “የ10,000 ሐይቆች አገር” የሚባል የአሜሪካ ግዛት ነው። ሙቀቱ ሲመጣ ሐይቅ ዳር የወጣቶች ካምፕ እናደርጋለን፤ ለዚህም የሚሆን አንድ ያገለገለ ካምፐር አለን። አገር ቤት ሆናችሁ ለምታነቡ፣ ካምፐር ማለት በመኪና የሚጎተት ትንሽ ቤት ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ ሻወርና ሽንት ቤት አለው። ከወለሉ ሥርና ከግድግዳው ኋላ ደግሞ የማይታይ ነገር አለው፤ የውሃ ታንከር፣ ውሃውን የሚገፋ ፓምፕ፣ ቦይለር፣ ወደየመክፈቻው የሚሄዱ ቀጫጭን ቧንቧዎች። ሰው ገብቶበት ማሞቂያው እስከበራ ድረስ ችግር የለም። ካምፑ አልቆ በሩ ሲቆለፍ ግን ቤቱ ለብቻው ይቀራል። እዚህ የጥር ሌሊት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መውረዱ ብርቅ አይደለም። “በጥቅምት አንድ አጥንት” እያልን ያደግን ሰዎች ለዚህ ብርድ የምንለው ነገር የለንም።

አገር ቤት ክረምት ማለት ዝናብ ነው። ሰኔ ሲገባ ጣራ ይጠገናል፣ ቦይ ይጠረጋል፣ ከአሸንዳው ሥር በርሜል ይቀመጣል። ውሃ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ በምትመጣበት ሰፈር ያደገ ሰው፣ መጣች ሲባል በሌሊት ተነሥቶ ሮቶውንም ጀሪካኑንም መሙላት ነው የሚያውቀው። እዚህ ግን ለክረምት የሚዘጋጁት በመሙላት ሳይሆን በመድፋት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ታንከሩን ከፍተን ውሃው ሜዳው ላይ ሲፈስስ ያዩ አንዲት እናታችን፣ “ልጆቼ፣ ይህን የመሰለ ንጹሕ ውሃ እንዴት ይደፋል? ነውር አይደለም ወይ?” ብለውን ነበር። እውነታቸውን ነው። ይዞ ማቆየት ለለመደ ሰው ማፍሰስ ብክነት ይመስላል።

ታዲያ ለምን ይደፋል? አብዛኛው ነገር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ውሃም እስከ 4 ዲግሪ ድረስ እንደ ሌላው ይኮማተራል፤ ከዚያ በታች ግን ጠባዩን ለውጦ መስፋት ይጀምራል። በረዶ ሲሆን ከነበረው መጠን ወደ 9 በመቶ ይጨምራል። በዚህ ውስጥ የፈጣሪ ጥበብ አለ፤ በረዶ ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፣ ሐይቁም የሚቀዘቅዘው ከላይ ስለሆነ ዓሦቹ ከሥር በሕይወት ይከርማሉ። ሐይቅ ለመስፋት ቦታ አለው። የተዘጋ ቧንቧ ግን ቦታ የለውም።

አንድ ያስገረመኝ ነገር ልንገራችሁ። ብዙ ሰው በረዶው የተሠራበት ቦታ ላይ ቧንቧውን ወደ ጎን ገፍቶ የሚሰነጥቀው ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ አንድ በጣም የቀዘቀዘ ቦታ ላይ በረዶ እንደ ውታፍ ይቀመጣል። ውታፉ እያደገ ሲሄድ ከፊቱ ያለውን፣ ገና ያልቀዘቀዘውን ውሃ ወደ ተዘጋው መክፈቻ ይገፋዋል። ውሃ ደግሞ በቀላሉ አይታመቅም። ግፊቱ ይጨምራል፣ አሁንም ይጨምራል፤ በመጨረሻ አንድ ደካማ መጋጠሚያ ፈልጎ ይበረግዳል። ስለዚህ ስንጥቁ በረዶው ካለበት ርቆ ሊገኝ ይችላል። መክፈቻው ክፍት ቢሆን ኖሮ ውሃው ጠብ እያለ ይወጣ ነበር፤ ግፊትም ባልተጠራቀመ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ፣ ክረምቱን ሙሉ ማንም ምንም አያውቅም። በረዶው ራሱ ስንጥቁን ደፍኖ ይይዘዋል። የሚታወቀው ብርዱ ሲያልፍ፣ ሁሉም ደህና ነው ተብሎ ውሃ ሲለቀቅና ግድግዳው ሲረጥብ ነው።

ይህን ያስተማሩን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። አዲስ አበባ ሳሉ የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። ሥራውን የሚጀምሩት በዋዜማው ማታ ቦይለሩን በማጥፋት ነው። “ትኩስ ሳለ አይነካም” ይላሉ። ቦይለር ግፊትና ትኩስ ውሃ ይዞ ሳለ ከታች ያለው ቡሎን ቢፈታ፣ የፈታውን ሰው ያቃጥላል። ሲበርድ አድሮ በማግስቱ ጋሼ መጀመሪያ ከላይ ያለችውን የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ያነሣሉ፤ ፉት ብላ ትተነፍሳለች። ከዚያ ቡሎኑን በመፍቻ ይፈቱታል፤ 6 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 23 ሊትር ውሃ ይንዶቆዶቃል።

ቀጥሎ የታንከሩ ውሃ ይለቀቃል፤ የውሃ ማጣሪያውም ይወጣል። ከወለሉ በታች ደግሞ ሁለት ትንንሽ ማፍሰሻዎች አሉ፣ አንዱ የሙቅ፣ አንዱ የቀዝቃዛ ውሃ። ውሃ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሚፈልግ የቀረው ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። እነሱን ለመክፈት ሰው መሬት ላይ በጀርባው መተኛት አለበት፤ ቆሞ የሚደርስባቸው የለም። ከዚያ እንደ ጎሚስታ ቤት በኮምፕሬሰር አየር እንሰዳለን። ግፊቱ ከ50 ፒኤስአይ ማለፍ የለበትም። ቸኩሎ ኃይል የጨመረ ሰው ሊያድነው የመጣውን ቧንቧ ራሱ ያፈነዳዋል።

በመጨረሻ ሮዝ ቀለም ያለው አንቲፍሪዝ ይገባል። ይህ መኪና ራዲያተር ውስጥ የሚገባው አይደለም፤ የመኪናው መርዛማ ስለሆነ ሰው በሚጠጣበት መስመር ፈጽሞ አይገባም። ሮዙ ለመጠጥ ውሃ ቧንቧ ተብሎ የተሠራ ነው። ብርዱ ሲጠና እንደ ገንፎ ይወፍራል እንጂ እንደ ውሃ ጠጥሮ ቧንቧውን አይገፋም። ቦይለሩ ውስጥ ገብቶ እንዳያልቅ መስመሩ በቫልቭ ይዞርና ፓምፑ ፈሳሹን ከጀሪካኑ ይስባል። አንድ ሰው እየዞረ መክፈቻዎቹን በየተራ ይከፍታል፣ ሙቁንም ቀዝቃዛውንም። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ከዚያ የቀረች ውሃ፣ ከዚያ ሮዝ። ሮዝ ሲመጣ ይዘጋና ወደሚቀጥለው ይኬዳል። ለቧንቧዎቹ ሁሉ 2 ወይም 3 ጋሎን ይበቃል። የሚረሱት ከውጭ ያለው ሻወርና የሽንት ቤቱ ውሃ ናቸው፤ ከመታጠቢያው ሥር ያለችው የታጠፈች ቱቦ ውስጥም ትንሽ ይጨመራል። “ካምፐር የሚገድለው የተረሳ መክፈቻ ነው” ይላሉ ጋሼ።

ሁሉን ዕቃ ምሳሌ አላደርግባችሁም፤ ቦይለር ቦይለር ነው። ነገር ግን ያ የተዘጋ መክፈቻ አንድ ወንድማችንን ያስታውሰኛል። ስሙን ሳልጠራ እንድጽፍ ፈቅዶልኛል።

ይህ ወንድም ከአባቱ ጋር ወደ አሜሪካ ሲመጣ 17 ዓመቱ ነበር። እናቱ አገር ቤት ቀረች። ኮሌጅ በገባ በመጀመሪያው ዓመት፣ በኅዳር፣ እናቱ አረፈች። ዘመዶች ፈተናው እስኪያልፍ ብለው መርዶውን ደበቁት። ሲነገረው ቀብሩ ካለፈ 10 ቀን ሆኖት ነበር። ወረቀቱ ስላላለቀ ሄዶ መቃብሯን ማየትም አልቻለም። ሰዎች እቤቱ ሄዱ፣ ጸለዩ። “አይዞህ፣ ጌታ ያጽናህ። አማኝ ነህና አታልቅስ፤ እሷ በክብር ናት” አሉት። “አሜን” አለ። በሚቀጥለው እሑድ ኪቦርዱ ጋ ተቀምጦ ዝማሬውን መራ። “እምነቱ እንዴት ብርቱ ነው!” የሚሉ ነበሩ። ክረምቱን ሙሉ አንድም እሑድ አልቀረም። “እንዴት ነህ?” ሲባል “ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን” ይል ነበር።

በጸደይ ተሰነጠቀ። የተሰነጠቀውም ማንም ባላሰበው ቦታ ነበር። ስለ እናቱ አንዲት ቃል አልተናገረም። አባቱን ግን ስለ አንድ ያልታጠበ ድስት ጮኸበት፤ ከቤት ወጥቶም አምሽቶ ተመለሰ። ሁለት ትምህርት ወደቀ። ከሥራ ባልደረባው ጋር ተጣላ። ከዚያ ኪቦርዱን ተወ፣ ከዚያም ቤተ ክርስቲያን መምጣቱን። “ልጁ ቀዘቀዘ” ተባለ። ስንጥቁን ያየ ሰው ስለ ስንጥቁ ይመክረው ነበር፤ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ቁጣው፣ ስለ መቅረቱ። በረዶው ግን ሌላ ቦታ ነበር።

በጥቅምት ጋሼ ደወሉለትና “ና እጅ አግዘኝ” ብቻ አሉት። መጣ። መክፈቻዎቹን እየዞረ የሚከፍተው እሱ ሆነ፤ ሮዙ ሲመጣ “መጣ!” እያለ ከውስጥ ይጣራል። ጋሼ አላስተማሩትም፣ አልገሠጹትም። ዕረፍት ላይ ሻይ ስንጠጣ ግን ቧንቧ ለምን ከበረዶው ርቆ እንደሚፈነዳ፣ ለእኛ እንደ ነገሩን ለእሱም ነገሩት። ሁለት ጊዜ ጠየቃቸው። ሌላ የተባለ ነገር የለም።

ቧንቧው ነው ያናገረው አልልም፤ የሰውን ልብ የሚያውቅ ጌታ ነው። ብቻ ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ጋሼ ቤት ሄዶ፣ “የእናቴ ሙት ዓመት እየደረሰ ነው። ለቅሶ ተቀመጡልኝ” አላቸው። አንድ ዓመት የዘገየ ለቅሶ! ጋሼና ባለቤታቸው ምንጣፍ አነጠፉ፣ ቡና አፈሉ። ፎቶዋ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። እዚያ ነበርሁ። አንድ ሰዓት ያህል ስለ እናቱ አወራልን፤ ዳቦ ስትጋግር እንዴት እንደምታንጎራጉር፣ ስልክ ላይ “በልተሃል?” ሳትለው ዘግታ እንደማታውቅ። ከዚያ አለቀሰ፤ ጮኾ አለቀሰ። “በቃህ” ያለው አንድም ሰው አልነበረም። አባቱ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ለካ እሱም አላለቀሰም ነበር።

ወጣቶች ሆይ፣ “ሆድ ይፍጀው” የሚል አነጋገር አለን። ሰው የከበደውን ነገር ወደ ውስጥ ውጦ ዝም ሲል የሚለው ነው። ትዕግሥት ይመስላል፣ ጨዋነትም ይመስላል። ግን ሆድ የማይፈጨው ነገር አለ። የማይፈጨው ነገር አይጠፋም፤ ተቀምጦ ይቀዘቅዛል፣ ይሰፋልም። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ስለነበር ነው ለሐዘን መውጫ ያበጁለት። ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት እቃ ይዞ ይመጣል፣ ሐዘንተኛው ብቻውን አይተውም፣ ሟች በስሙ እየተጠራ ይለቀሳል። ደረት መድቃቱንና ፊት መንጨቱን ትተናል፤ መተዋችንም መልካም ነው። ከዚያ ጋር ግን ማልቀሱንም አብረን እንዳንጥል እፈራለሁ። ስደት ደግሞ ጨመረበት፤ ድንኳኑ እዚያ፣ ሐዘንተኛው እዚህ፣ ነገ ጠዋት ሥራ።

እምነት እንባ አይከለክልም። ሐናን አስቡ። በሴሎ በእግዚአብሔር ፊት ሆና ምርር ብላ አለቀሰች፤ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች እስኪል ድረስ። እሷ ግን አልሰከረችም፤ ነፍሷን በጌታ ፊት እያፈሰሰች ነበር። ልብ በሉ፣ ከዚያ ተነሥታ በላች፣ ፊቷም ተለወጠ፤ ሳሙኤል ግን ገና አልተፀነሰም። የተለወጠው ያልተሰጣት ነገር ስለተሰጣት አልነበረም። መጀመሪያ ውስጧ የተዘጋው ወጣ። ጌታችንም አልዓዛርን ሊያስነሣው መሆኑን እያወቀ አለቀሰ። ከእሱ የበለጠ ስለ ትንሣኤ የሚያውቅ ማን ነበር? ጳውሎስም የተሰሎንቄን አማኞች ጭራሽ አትዘኑ አላላቸውም፤ ሐዘናቸው ተስፋ እንደሌለው ሰው ሐዘን እንዳይሆን ነው የጻፈላቸው።

የጳውሎስን ሁለተኛ የጢሞቴዎስ መልእክት መጨረሻ ስታነቡ ደግሞ ሌላ ነገር ታገኛላችሁ። ያ ታላቅ ሐዋርያ እስር ቤት ሆኖ “ደህና ነኝ” ብሎ አልዘጋም። ማን ትቶት እንደሄደ፣ በመጀመሪያው ሙግቱ ማንም እንዳልቆመለት በግልጽ ጻፈ። ካባውንና መጻሕፍቱን እንዲያመጣለት ጠየቀ። ጢሞቴዎስንም ከክረምት በፊት ድረስልኝ አለው። ከክረምት በፊት! ሰው እንደሚያስፈልገው ለመናገር አላፈረም፤ ጊዜውንም ቆርጦ ነገረው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አሁን ያዘናችሁ ወይም የተጎዳችሁ ካላችሁ፣ ክረምቱ ሳይገባ አንድ መክፈቻ ክፈቱ። ለመቶ ሰው መናገር አያስፈልግም። በጸሎት ቃል ሳታሳምሩ ለጌታ ንገሩት። አንድ የታመነ ሰውም ፈልጉ፤ ወላጅ፣ ሽማግሌ፣ ጓደኛ። እንቅልፍና ምግብ ከራቃችሁ፣ መኖር ካስጠላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ለሰው ተናገሩ፤ ወደ ሐኪም ወይም ወደ አማካሪ መሄድም የእምነት ማነስ አይደለም። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ይባል የለ? ውስጣችሁ ሲቀልል ባዶውን አትተዉት፤ ቃሉን፣ ኅብረቱንና የወንድሞችን መጽናናት አስገቡበት።

ያዘነ ጓደኛ ያላችሁ ደግሞ ትኩስ ሳለ ቡሎኑን ካልፈታሁ አትበሉ። በግድ “ተናገር፣ አውጣው” የሚል ሰው አየር እንደሚያበዛው ኮምፕሬሰር ነው። አብራችሁት ተቀመጡ፤ አብራችሁ ሥሩ፣ ብሉ፣ ጠጡ። ሲናገር አታቋርጡት። ሲያለቅስ ጥቅስ ፍለጋ አትሩጡ፤ ጥቅሱም ጊዜ አለው። ካስፈለገም ዝቅ ወዳለው ቦታ ለመድረስ በጀርባችሁ ተኙ። “ደህና ነኝ” የሚለውን፣ እየሠራ፣ እየዘመረ፣ እየሳቀ ያለውንም ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው መክፈቻ እሱ ነው።

ያ ወንድማችን ወደ ኪቦርዱ የተመለሰው ወራት ቆይቶ ነው። አሁንም አንዳንድ እሑድ መዝሙሩ መሐል አቁሞ እንባውን ይጠርጋል። ማንም አይደነግጥም። ከትምህርቱ አንዱን ደግሞ አልፏል፤ ሌላው ይቀረዋል።

ለነገሩ፣ በግንቦት ካምፐሩን ስንከፍት ሥራው ቀላል ነው። ንጹሕ ውሃ እየለቀቅን ሮዙን እናጥባለን፣ መስመሩን በትንሽ በረኪና አጽድተን ደግመን እናጥባለን፣ ከዚያ ታንከሩን እንሞላለን። ያቺ እናታችን በመጀመሪያው ዓመት መጥተው ከመክፈቻው በእፍኛቸው ቀድተው ቀመሱና፣ “ውሃውስ ለካ አልጠፋም” አሉ። በጥቅምት የተደፋው ውሃ ነበር፤ የዳነው ቤቱ ነው። ውሃ ከምንጩ ደግሞ ይቀዳል። ጌታ ምንጫችሁ ይሁን፤ በፊቱም ለማፍሰስ አትፈሩ።